ሦስቱ ሀ

ቱርኩ፣ ታኅሣሥ ነው። ወንዙ በቁሙ ረግቶ፣
ቀን በዘጠኝ ሰዓት ሄዷል ሱቁን ዘግቶ።
ሽመክት፣ የመስመር አሥራ ስምንት ሾፌር፣
ጓንቱን በጥርሱ አውልቆ፣ ባንድ ጣት ሲቆረቁር፣
«ፀሐይ» ብሎ ጻፈ፣ በደንበኛው ፊደል፤
ማሽኑ ጥቂት ዞረና መለሰ «የለም» ሲል።

ወደ እኔ ዞረ፦ «እዚህ አገር ፀሐይ የለም፣
ይሄንንስ አውቃለሁ፤ ማሽን አያስፈልገኝም!»

መጽሐፉ ግን ነበረ። ሁለት ክንድ ቢርቅ ነው፣
ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ፣ አቧራ የለበሰው፤
መዝጋቢው «ጸሀይ» ብሎ፣ በሌላው ጸ፣ በሌላው ሀ
ጽፎት፣ ስሙ ሰረገ፣ አሸዋ እንደ ጠጣው ውሃ።

የድሮው ሥርዓት ቢሆን፣ ባለቤት ያለው፣ ቁልፍ ያለው፣
አቤት ብለን ነበር፤ ስድስት ዓመት አለፈው።
«ደርሶናል» የሚል መልስ፣ ከሥሩ የዋጋ ዝርዝር፤
ከቆለፈው ሰው በቀር በሩን የሚያውቅ አልነበር።

ይሄኛው ሆዱ ክፍት ነው። ሻይ ሳይበርድ፣ ከሒልካ ጋር
ወርደን ገባን፣ ከመስመር ወደ መስመር።
ሒልካ ፊደሉን አታውቅ፤ «ይቺ ስኒ፣ ያቺ ሹካ፣ ያኛው መንጠቆ ነው፤
ምን አንድ ያደርጋቸዋል?»
                              «ጆሮ» አልኳት። «ጆሮ ነው።»

አራት መቶ ሰባተኛው መስመር፣ ከኮዱ ኅዳግ ላይ፣
ስም የሌለው ሰው ጽፏል፦
«ይህን ፊደል አላውቀውም።
የሚያውቅ ሲመጣ ያርመው።»

እዚያው ቀረሁ። ማን ነው ይሄ፣ ሳያየኝ ወንበር የተወልኝ፣
ስሜን ሳይሰማ ድርሻዬን ያስቀመጠልኝ?
ወንፈል እንዳልለው፣ ወንፈል ተራ አለው፣ ብድር አለው፤
ይሄ ብድር የሚቆጥር ባለማሳም የለው።

ሦስቱን ሀ አሰለፍኩ፣ ሁለቱን ጸ፣ ሁለቱን ሰ፤
ከኮይምብራ ዱዋርቴ አይቶት፣ «አንድ ነጥብ ጎድሏል» ብሎ መለሰ።
ጨመርኩለት። እሱም አጸደቀ፤
ሌሊቱን፣ ሰው ሳይኖር፣ ማሽኑ ዘመድ ከዘመድ አስታረቀ።

ዓርብ ሽመክት መጣ። «ፀሐይ» ብሎ ጻፈ፤ መጣለት።
የመበደሪያው ካርድ ነጭ፣ አንድም ማኅተም የሌለበት።
ሽፋኑን ገልበጥ አድርጎ፣ ደስ ይለዋል ስል፣ ተቆጣ፦
«ማነው ፀሐይን በዚህኛው ጸ የጻፋት? ምን ዓይነት ጣጣ!»
ከካፖርቱ ሥር ሸጉጦት፣ እያጉረመረመ ወረደ፤
መብራቱን ለበረዶው አብርቶ አሥራ ስምንት ሄደ።

ማስታወሻውን አላጠፋሁም። እንደነበረ ነው።
ከሥሩ አንድ መስመር ጨመርኩ፦
«ኸ ገና ነች።
የሚያውቅ ይቀጥል።»