በሒሳብ ደብተር ጀርባ

በማስተዋል ደብተር፣ በሒሳቡ ጀርባ፣
ባሕር ዳርን ደመርናት፣ ገና ሰኔ ሳይገባ።

«ሚኒባስ፣» አለ ይሄነው፣ «ከደብረ ታቦር ለአራት…
ቃልአብን ከታቀፍሽው ግን፣ ለሦስት ሰው ነው ማለት።»
ቃልአብ ሰባት ዓመቱ ነው፤ እግሩ ጉልበቴን አልፏል፤
በዚያች ማታ ሒሳብ ግን እንደ ጨቅላ ታቅፏል።

አንዲት ክፍል፣ ከመናኸሪያው ጓሮ፣
ፍራሽ መሬት ላይ ተጨምሮ።
ቁርስ፣ ከቤት የቋጠርነው በሶ። ምሳ፣ አንድ ዓሣ ለአራት።
እራት…
እዚያ ላይ እስክሪብቶው ቆመ።
«ቀለም ጨርሶ ነው» አለኝ። «ይሆናል» አልኩት።

ጀልባው ግን በምንም መንገድ አልደመር አለ፤
ከአልጋው ሦስት እጥፍ ነው፣ ቅናሽ እንኳ ካለ።
ተኝታለች ያልናት ማስተዋል፣ ከብርድ ልብሷ ውስጥ ሆና፣
«ሐይቁን ማየትስ ስንት ነው?» አለችና
ዝም አሰኘችን።

ቅዳሜ ረዳቱ ቃልአብን አይቶ ሳቀ፤
የአራት ሰው ተቀበለ፤ ሒሳባችን እዚያው ወደቀ።
ሐይቁ ግን አላስከፈለም። ከዋርካ ሥር አረፍን፤
እንጨት የጫነ ታንኳ ስንሸኝ፣ የዓሣው ሰዓት አለፈን።
ቃልአብ ፔሊካን ቆጠረ፤ አሥራ ሰባት፣ አሥራ ስምንት፤
እንደገና ከአንድ ጀመረ፣ አንዷ ብትነሣበት።
ማታም በሶ።

ሰኞ መምህሯ ገጹን አገኘው፤
በቀይ ጻፈበት፦ «ድምሩ ስህተት ነው።»
ይሄነው ሦስቴ ደመረ፣ በጣቱም በጠጠርም።
ለካ ሁለት መቶ ብር ተርፎናል፤
ኮቱ ኪስ ውስጥ፣ ገና አልተዘረዘረም።

እራት አላልነውም።
ከቀዩ ሥር፣ ማስተዋል በእርሳስ
«ጀልባ» ብላ ጻፈች።