በደቂቃ ስንት ቃል

የጭልጋ መንገድ ዳር፣ ከጎንደር ወጣ ብሎ፣
ከሦስተኛ ክፍል ደጅ፣ ወንበሬ በጠጠር ተደላድሎ፣
ባንድ እጄ ሰዓት፣ በሌላው እርሳስ፣
መጣሁ የልጅ ንባብ ልመዝን፣ ቃል በሴኮንድ ልቆርስ።

ዝማም ፈረደ ተቀመጠች። «ጀምሪ» አልኳት፣ ጀመረች፤
«ወንዝ» የሚለው ላይ ስትደርስ ግን ጣቷን ተክላ ቆመች።
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።
መመሪያው «ካለፈ ሰርዝ» ይላል፤
ሰረዝኩ። ከንፈሯ ግን ይላወሳል፣
በአያቷ ቅማንትኛ፣ ድምፅ በሌለው፣
ውሃው እንዳይደፈርስ ቀስ ብሎ እንደሚሻገር ሰው።

«ወንዝ» አለች ኋላ።
«ዘገየሽ» አልኳት።
«ሁለቴ እኮ ነው ያነበብኩት።»

ባለፈው ክረምት እኔም ተፈትኜ ነበር፣ በእንግሊዝኛ፤
ጥያቄውን ባማርኛ አስቤ፣ መልሱን እስክመልስ ወደ እነሱኛ፣
ፈታኙ ሰዓቱን አየና አንዲት ነገር ጻፈ።
ምን እንደሆነች አውቃለሁ፤ ዛሬ በኔ እጅ ተጻፈች።

ቅጹ ለአንድ ቃል ያለው አንድ ሳጥን ነው።
ሰረዜን ላጠፋ ላጲስ አነሳሁ፣
ፈግፍጌ ፈግፍጌ ወረቀቱን በሳሁ።

ሰዓቱን ኪሴ ከተትኩ።
«ቀጥዪ» አልኳት።
ገና ሦስት መስመር ይቀራታል።