ማሳ

ከቡሬ መነኸሪያ፣ ከጎማ ጠጋኙ ጎን፣
ቅዳሜ ገና በጧት፣ ሳልፈታ ጥቅል ሽቦዬን፣
ልየው አንለይ መጣ በነጭ አባዱላ፣
ሳጥን አስተኝቶ በብርድ ልብስ፣ እንደ ሕመምተኛ፣ ከኋላ።

«ሳብዉፈር ነው» አለኝ፤ «አሥራ ሁለት ኢንች ነው አፉ፤
የሽንዲ መንገደኞች መምጣቴን ሳያዩኝ ይወቁ፣ ይሰለፉ።»
«አምፕሊፋየሩስ?» አልሁት። ከወንበር ሥር አወጣ
የጎድን አጥንቱ የሚቆጠር፣ ብረት ለበስ ጣጣ።

መጀመሪያ ነጌቲቩን ከባትሪው ላይ አላቀቅሁ፤
ይህን የናቀ ጓደኛዬ ቅንድቡ ሲነድ አይቻለሁ።
ቀዩን ሽቦ፣ ጣት የሚያህለውን፣ ከሞተር ቤት አስገባሁ፤
ብረቱ እንዳይቆርጠው ቀዳዳውን ከመነዳሪ አለበስሁ።
ፊውዙን ከባትሪው በስንዝር አሰርሁ፤ ዘበኛ አይርቅም ከበሩ፤
ክፉ ቀን ቢመጣ እሱ ይቃጠል፣ ይትረፍ መንገደኛው ከነወንበሩ።
የኃይሉን ሽቦ በቀኝ፣ የድምፁን ሽቦ በግራ፤
ጎረቤት ከሆኑ ያንዱ ጉርምርምታ ባንዱ ጆሮ ነው የሚያጓራ።

ምንጣፍ ስገልጥ ያገኘሁት፦ የሸንኮራ ልጣጭ፣ የሕፃን ባለ አንድ እግር ጫማ፣
ደግሞ ደረቅ ዛላ በርበሬ፣ ሲያናውጡት ፍሬው የሚሰማ።
ዛላውን ከሸሚዜ ኪስ ከተትሁ። ማሳውን አሰርሁ ከወንበሩ ብሎን።
ቁልፍ ዞረ።
ከዘፈኑ በፊት የንብ መንጋ ሞላው መኪናውን።

ነዳጅ ሲረግጥ ይጮኻል፣ ሲለቅ ያቃስታል፣ ቀፎው እንደ ተነካ፤
«ያን ሁሉ ብር ያወጣሁት» አለ ልየው፣ «ይኼን ለመስማት ነው ለካ!»
ተንበርክኬ ዳሰስሁ ሁሉን፣ ከጅራቱ እስከ ራሱ፣ ምንም ሳልረሳ፤
«ሽቦው ደህና ነው» አልሁት፤ «ጥፋቱ ያለው ከማሳ።»

የውኃ ኮዳውን ክዳን
እያላላ፣ እያጠበቀ፣ ዝም አለ።

«ማን ነገረህ?» አለኝ ቆይቶ። «እኔ አልሸጥሁም፤ ከተማው ሰፋ ተብሎ በካሳ
ነው የሄደው። አምስት ጥማድ ነበር፤ የአባቴ የበርበሬ ማሳ።
ለኔ ይህ መኪና ደረሰኝ። እሱ ግን ሰኔ በባተ ቁጥር፣ በሌሊት እየነካካኝ
‹ተነሣ፣ ዝናቡ መጣ› ይለኝ ነበር፣ አምና እስኪለየኝ።»

እኔ ስለ ብሎን ነበር፣ ቀለም ስለ ጋረደው ብረት፤
በኛ ሙያ ማሳ ማለት ኮረንቲ ዞሮ ዞሮ የሚገባበት ቤት።
ልነግረው ነበር፤ ተውሁት። ቃሉን ማን ሁለት አድርጎ ፈጠረው?
ዝም ብዬ የወለሉን ቀለም ፋቅሁ፣ ነጩ ብረት እስኪወጣ፣ ሳይቀባ በፊት የነበረው።
በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት፤ ብሎን አጠበቅሁበት፤
ግራሶ ቀባሁት፣ ዝገት እንዳይሰለጥንበት።

ቁልፍ ዞረ። ጸጥታ።
«ሽንዲ፣ ሽንዲ፣ አንድ ሰው!» የሚል የረዳት ኡኡታ
ብቻ ከመነኸሪያው።

«ትንንሾቹን ገና አልገጠምሁም» አልሁት፤ «የሚሠራው ሳጥኑ ብቻ ነው።»
ስልኩን አወጣ፤ ፈለገ። «ይኼን» አለ፤ «አንድ ደቂቃ ነው።»

ሳጥን ብቻውን ቃል አያውቅም፤ ቀጭኑን ሁሉ ያስቀራል፤
ምላስ የለው፣ ከንፈር የለው፤ ደረት ብቻ ያስተጋባል።
በሬ መጥራት ይሁን፣ ምርቃት ይሁን፣ ወይ ስድብ፣
የሽማግሌ ወፍራም ድምፅ ከወለሉ ተነሣ፤ ገባ በጉልበት፣ በሆድ፣ በልብ።
መስታወቱ ራደ። ኪሴ ውስጥ ዛላው ተንሿሿ።
ምን እንዳለ አልለየሁም፤ ቃሉ አልደረሰኝ፤
ልየው ግን በሩን ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ «እሺ» አለ፤ ለኔ መሰለኝ።

ሁለት ሺህ ተዋውለን አሥራ ሰባት መቶ ሰጠኝ፤ የፊውዙንም ረሳ፤
አልተከራከርሁም። እስከ ዳገቱ ሰማሁት፣ መሬቱ በሥሩ ሲያገሳ።

ማታ ሸሚዜን ሳወልቅ አንድ ነገር ተንሿሿ ከኪሴ።
ነገ እመልስለታለሁ፤
እንዳልዘራውማ ማሳ የት አለኝ ለራሴ።