ሁለት ጣት

በፔች ከተማ ሳለሁ፣ ወረቀት ዘርግቼ፣
እርሳስና ማስመሪያ ካንድ ላይ አምጥቼ፣
ስድስት ቁራጭ ሣልኩኝ፣ እርስ በርስ የሚስማሙ፣
ሁለት ሰው ሲያነሣቸው ወገብ የማያሳምሙ።
አንዱ ጣሪያ ሆኖ ዝናብ የሚለቅም፣
አንዱ በርሜል፣ ከሥር፣ ያን የሚያጠራቅም፣
አንዱ አግዳሚ ወንበር፤
የቀረውን ልለፍ፣ ቢቆጥሩት አይጠቅም።

ከጥቁር ደን ወጥቶ ጥቁር ባሕር ድረስ
በሁለት እግር ጉልበት፣ በሁለት ጎማ ሲፈስ፣
መቶ ኪሎ ሜትር ላይ ሰው ምን ያምረዋል?
ስል ስደምር ነበር። ጥላ ያምረዋል፣
ውኃ ያምረዋል፣ ጀርባ የሚያሳርፍ ግድግዳ፣
ደግሞም የማይጠይቅ፣ «ከየት መጣህ፣ እንግዳ?»

ሥዕሌን ጠቅልዬ ሞሃች ወረድኩ፣ ወንዙ ዳር።
ሰው የሚያሻግር ባለጀልባ፣ ዦምቦር፣
ተቀብሎ ገለጠው፣ ባንድ ዓይኑ ቃኘና፣
«ሰውን ለክተኸዋል» አለኝ፣ ሣቅ አለና፤
«ክንዱን፣ ጭኑን፣ ቁመቱን።
ዳኑብን ለክተሃል?» አዞረልኝ ፊቱን
ወደ አኻያው ዛፍ። ከራሴ አንድ ክንድ ሽቅብ፣
የደረቀ ጭቃ፣ እንደ ቀሚስ ጥበብ፣
ግንዱን ዞሮት ነበር።
«የሰኔ ልብሷ ነው። ትመጣለች ለብሳ፣
ያገኘችውን ሁሉ ትወስዳለች አፍሳ።»

ያን ሌት ሲሚንቶውን ከሥዕሌ ላይ ፋቅሁት።
መሠረት ያልኩትን በብሎን ተካሁት፣
በእጅ የሚፈታ፣ በእጅ የሚጠብቅ፣
ከመሬት ጋር ውል ያለው፣ ውርስ የማይጠይቅ።
እንጨቱን ከዚያው ቆረጥን፣ ከሰፈሩ ግራር፣
ቀለም የማይለምን፣ ከነቀዝ የማይደራደር።
በግድግዳው መሀል የበግ ጸጉር ጠቀጠቅን፣
ነጋዴ የናቀውን፣ ሊጣል ሲል ለምነን።

የመጀመሪያዋ እንግዳ ሄድቪግ ትባላለች፣
ከሊንዝ ተነሥታ ስድስት ቀን ነድታለች።
ጎማዋን ነፋች፣ ጠጣች፣ ተቀመጠች፤
እኔ ምስጋና ስጠብቅ እግሯን አየች።
«ወንበርህ» አለችኝ፣ «ሁለት ጣት ከፍ ብሏል።
ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ፔዳል የመታ ጉልበት
መሬት መርገጥ ይሻል፣ መንጠልጠል ሰልችቶት።»
ጻፍኩት። አልቆረጥኩትም። ልኬ ከመጽሐፍ ነው፣
መጽሐፍን በጉልበት ማን ይከራከረው?

በግንቦት ባንድ ሌሊት ሄጄ ቆሜ ነበር፤
ሁለት ሰው ተኝቷል፣ ካልሲያቸው ጣሪያው ዳር
እንደ ዓሣ ተሰቅሏል። አንደኛው፣ እያንኮራፋ፣
በሕልሙም ይነዳል መሰለኝ፣ ብርድ ልብሱን በእግሩ ገፋ።
ሳልቀሰቅስ ተመለስኩ።

ሰኔ ሲጋመስ ከላይ አገር ስልክ ተደወለ፤
ውኃው መንገድ ላይ ነው፣ ጥቂት ቀን አለው፣ ተባለ።
ብሎን ፈታን። ስንት ሰው፣ ስንት እጅ እንደነበረ!
አርባ ደቂቃ ሳይሞላ ሣሩ ብቻውን ቀረ።
ጣሪያው ትምህርት ቤት ገባ፤ በርሜሉን ዦምቦር፤
ወንበሩን ሸክላ ሠሪዋ፣ ቦርባላ፣ ከልጇ ጋር።

ውኃው መጣ። ባዶ ሣር አገኘ፣ ዞረ፣ ሄደ።
የሚነክሰው ነገር አጥቶ፣ ጭቃ ተፍቶ ወረደ።

ሐምሌ ላይ ስንገጥመው አንድ ብሎን ጎደለ፤
ዦምቦር ችካል ጠርቦ መታው፣ «ይበቃል» አለ።
ወንበሩ ግን፣ ወንበሩ...
ስቀመጥበት ጊዜ እግሬ መሬት ነካ።
ሜትሬን አወጣሁ። ሁለት ጣት አንሷል ለካ!
ቦርባላን አየኋት። ትከሻዋን ሰበቀች።
«ሠላሳ ቀን ተቀመጥኩበት፤ ጉልበቴ ነገረኝ» አለች።
ከሽርጧ ኪስ አራት ጉማጅ አወጣች፣
የእግሮቹን ቁራጭ፣
«እንካ፣ ለመጽሐፍህ፤ ነፋስ እንዳይገልጠው» ሰጠች።

ዛሬ ሌላ ልሥል ነው፣ ለኦሲየክ፣ ለድራቫ ዳር።
ወረቀቴ አራት ጫፍ አለው፤ አራቱም ላይ የግራር
ጉማጅ ተቀምጧል።
ጣሪያውን ጨረስኩ፣ በርሜሉን ሥዬዋለሁ፣
የወንበሩን ቁመት ባዶ ትቼዋለሁ፤
መጀመሪያ ሄጄ፣ እዚያ ሰፈር፣
ማንን ጉልበቱን እንደሚያመው እጠይቃለሁ።