የክላይተስ ፒካፕ

ሐምሌ ነው፣ ግን በጋ፤ ሚሲሲፒ ዳር፣
ቅጠል አይነቃነቅ፣ አየሩ እንደ ማር።
ቨርሊን በማለዳ ጓዳዋን ከፍታ፣
አፈ ሰፊ ጠርሙስ ውሃ እስካፉ ሞልታ፣
ሰባት ከረጢት ሻይ ከነክሩ ከትታ፣
ሟች ክላይተስ በተዋት ፒካፕ ጣሪያ ላይ
ሻዩን ትጥደዋለች፤ ምድጃዋ ፀሐይ።

ሞተሯ ከጠፋ አራት ዓመት ሆናት፤
ሻይ ማፍላት ነው እንጂ ሌላ ሥራ የላት።

እኩለ ቀን። ውሃው ቀላ፣ ጠየመ።
የሰፈሩ ልጆች ግር ብለው መጡ፣
«ደርሷል!» «አልደረሰም!» እየተቆጡ።
ትሬሞንት በባልዲ ቢያመጣ በረዶ፣
ወንድሙ አንዱን አንስቶ
በሸሚዙ አንገት ቁልቁል ሰዶ—
ጩኸት! ሩጫ! ኮኩ ተበተነ፣
ናናውም ተረግጦ ግቢው መዓዛ ሆነ።

«ስኳር አለብሽ» ብሎ ሐኪም ነግሯታል፤
«አለኝ እንጂ!» ትላለች፣ «ቁምሳጥኔ ሞልቷል!»
ለልጆቹ ሁሉ በጭልፋ ትዘግናለች።
የራሷን አትቀምስም፤
ላቡ የሚንጠባጠብ ቀዝቃዛ ብርጭቆ
ጉንጯ ላይ አስጠግታ፣
በረዶው ሲሰነጠቅ ታዳምጣለች።

ትንሹማ ገብቶ፣ መሪውን ጨብጦ፣
ጥሩምባው ቢሞትም በአፉ ተክቶ፣
«ፒጵ! ፒጵ! ዞር በሉ! ሻይ ጭነናል!» ይላል።