አንገት ላይ መስመር

ሰኞና ረቡዕ፣ ዐስር ሰላት ሲያልቅ፣
ኡስታዝ ኻልፋን ይመጣል፣ እርሳሱ ከጆሮው ሳይወድቅ።
ድሮ የጀልባ ንድፍ ነበር የሚነድፈው፣
የመርከብ ጎድን አጥንት በጣቱ የሚቆጥረው፤
ዛሬ ጀልባው ሁሉ ፋይበር ሆነና፣
የሰው ልጅ ያስተምራል፤ መስመርና ጥላ፣ ጥላና መስመር፣ እንደገና።

ሙንዚር ግን ዓይኑ ስልኩ ላይ፣ እግሩ በር ላይ ነው።
እኔ የቆምኩት ለሻይ ነው፣
ትሪውን ይዤ። «አስቀምጪና ተቀመጪ» አለኝ፣
«ለባዶ ወንበር ማውራት ሰለቸኝ።»

መጀመሪያ የሰጠኝ የደረቀ ሎሚ ነው፣
ጥቁር፣ የተጨማደደ፣ ሾርባ ውስጥ የምንጥለው።
«ሎሚ አትሣዪ፤ ኳስ ሣዪ፤ ሎሚው ኋላ ይመጣል።
ብርሃኑ ከየት እንደመጣ ያላወቀ፣ ሎሚ ብሎ ጉድጓድ ይሥላል።»

አንድ ወር ኳስ ሣልኩ፣
ሊጥ ሳቦካ እንኳ ዱቄቱ ላይ በጣቴ።
ከዚያ ሳጥን፤ ከዚያ ሾጣጣ፤ ከዚያ ቱቦ።
ጋዝ የሚያመጣው ልጅ ደረጃውን ሲወጣ
«ቱቦ መጣ» እላለሁ፤ ሲሊንደሩን ማለቴ ነው፣ ልጁን አይደለም፤
ከተራራው ጫፍ ያለው የመጥራህ ግንብም ያው ቱቦ ነው፣ የትም አይሄድም።
የጣራው ታንከር፣ ጉልላቱ፣ የኳስ እኩሌታ፣
ከተማው በሙሉ፣ አንድ ከሰዓት፣ ስፌቱ ተፈታ።
አራት ዓመት የተመላለስኩበት መንገድ፣
ያኔ ነው ገና ያየሁት፤ ማየትም ለካ ይለመዳል እንጂ አብሮ አይወለድ።

ቀጥሎ ዓሣ። «የሞተ ነው፣ ይታገሥሻል» አለ፣
ከገበያ ያመጣሁትን ከንዓድ ትሪ ላይ እያስተካከለ።
ታገሠኝም፤ ግን ዓይኑ፣
ክንፉን ስጨርስ ዳምኗል፣ እንደ ሐምሌ ቀኑ።
ማታ ጠበስነው። ሥዕሉን ሙንዚር አየና፣
«እኛ የበላነው ነው?» አለ፤ ለእኔ ያ ትልቅ ምስጋና።

ድመቷ ግን ከአሥራ ሁለት ጅራት በቀር ምንም አላስቀረችልኝ።
«ሕይወት ያለውን አትከተዪው፤ ቀድመሽ ጠብቂው» አለኝ።

ቢቢ ዙዌና አልጋዋ መስኮቱ ሥር ነው፤
ጀርባዋን የማሸው፣ ኪኒኗን የምቆጥረው
እኔ ነኝ። ዛንዚባር የተወለደች፣ ሲከፋት በስዋሂሊ የምትሳደብ፤
ፊቷን ሦስት ዓመት አጥቤዋለሁ፣ አንድም ቀን ሳይነበብ።

ተኝታ ሳለች ጀመርኩ። ግንባሯ ኳስ፤ ሎሚው፣ ያ የደረቀው፤
አፍንጫዋ ሾጣጣ፤ ክንዷ ቱቦ፣ ጋዙ ያለቀው።
ስትተነፍስ ብርድ ልብሱ አንድ ጣት ይነሣል፣
ያን አንድ ጣት ፍለጋ ስንት ላጲስ ይፈርሳል!

ቀና ስል ዓይኗ ተከፍቷል።
«ጦይባ፣ ነፍስ ያለው መሣል ሐራም ነው» ድምፅዋ ደክሟል፤
«በይ ነፍስ ዝሪበት ሲሉሽ፣ ቂያማ ዕለት፣
ምን ይውጥሻል? እርሳስ የለ፣ ላጲስ የለ እዚያ ቤት።»

ዝም አልኩ። ወረቀቱን ተቀበለችኝ፤ አራቀችው፣ አቀረበችው፣
መነጽሯን ጠየቀች፤ አፍንጫዋን በጣቷ ዳሰሰችው፣
የወረቀቱን። ከዚያም የራሷን።
«እናቴ» አለች፣ «የብስኩት ቆርቆሮ ላይ ያለችውን ሴት እንኳ
አንገቷን በከሰል ታሠምርባት ነበር፣ የተቆረጠ አይተነፍስም ብላ።
አንቺም አሥምሪ።»

እርሳሴን አነሣሁ። አገጯ ካለቀበት፣
ከሻርፗ ሥር ደም ሥሯ ይመታል፤ እያየሁት እንዴት ልቁረጥበት?
ላጲሱን አነሣሁ። አንገቱን በሙሉ አጠፋሁት።
ሁለት ጣት ነጭ ወረቀት፣ በአገጭና በትከሻ መሀል፣ እንዲሁ ተውኩት።

«ይሁን» አለች። ዓይኗን መልሳ ጨፈነች።
ብርድ ልብሱ ተነሣ፣ ወረደ።

ረቡዕ ኡስታዝ ኻልፋን መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣
«አንገትም እኮ ቱቦ ነው፣ ረሳሽው?» አለኝ፣ ባዶውን በእርሳሱ ከልሎ።
ልመልስ ስል ከመስኮቱ ሥር፣ ከአልጋው፣ የስዋሂሊ ስድብ መጣ፤
ሙንዚር ከስልኩ ቀና አለ፣ እርሳሴን ነጠቀኝ፣
የአያቱን አፍ፣ እንደተከፈተ፣ በሁለት መስመር አወጣ።

ኳስ አይደለም፣ ቱቦም አይደለም፣ ጠማማ ነው።
ግን ይሳደባል።