ግልባጭ

አያቴ አዋጅ ነጋሪ ነበር።
ገበያ መሐል ነጋሪት ጎስሞ፣ ድምፁ እስኪሰበር፣
«የሰማህ ላልሰማህ አሰማ!» ይል ነበር።
ክፉም ቢያወራ ፊት ነበረው፤
ግንባሩ ላይ ላብ ነበረው፤
የተቆጣ ሰው ድንጋይ ቢያነሳ፣ የሚወረውርበት ሰው ነበረው።

እኔ ታይፒስት ነበርኩ።
ከአያት ወዲያ፣ አስፋልቱ ደክሞት ጭቃ በሚሆንበት፣
በቆርቆሮ ቢሮ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት፣
ፊት የሌለው ቃል ስቀጠቅጥ ሸበትኩበት።

የቃሉን ዘመድ አዝማድ አውቃለሁ፦
አዋጅ ታላቅየው ነው፤ ሩቅ የሚኖር፣ አልፎ አልፎ የሚታይ፤
ደንብ ልጁ ነው፤ መመሪያ የልጅ ልጁ፣
በአያቱ ስም የሚማታ በአደባባይ።
ሰርኩላር ከባሕር ማዶ የመጣ አማች ነው።
ማሳሰቢያ ጉሮሮውን ጠርጎ ይገባል፤
ማስጠንቀቂያ በር አያንኳኳም።
ቀጭን ትእዛዝ ግን አይጻፍም። በስልክ ነው የሚመጣው።
ቀጭን ያሉት እንደ ክር ነው፤
ውፍረቱን አንገቱ ላይ የዋለበት ሰው ነው የሚያውቀው።

ሁሉም ይወርዳሉ።
ውሃ ለሰፈራችን በአሥራ አምስት ቀን፣ ያውም በሌሊት፣ ጠብ ሲል፣
መመሪያ ያለ ቧንቧ ይወርዳል።

መጀመሪያ የኦቦ ረጋሳን ጻፍኩ።
ጤፉ ሊያሸት ሳምንት ቀርቶት ነበር።
«ለልማት ይፈለጋል» የሚለው ላይ አንድ ፊደል ሳትኩ፤
በነጭ ቀለም ደልዤ አረምኩ።
እጄ ያረመው እሱን ብቻ ነበር።
ዛሬ ማሳው ላይ የበቀለውን ኮንዶሚኒየም ይጠብቃል፤
ሳልፍ ሲያየኝ ከወንበሩ ይነሳል።
መነሳት የነበረብኝ እኔ ነኝ።

ከዓመታት በኋላ የጎረቤቴን ጻፍኩ።
የወይዘሮ እታለማሁ እግሮች
አንታዘዝም ካሏት አራተኛ ክረምቷ ነው።
ቅዳሜ በሯ ላይ ለጠፉት፣ ከቀዩ ቁጥር ሥር።
እሑድ፣ መጻጉዕ ነበር፣ «አንብቢልኝ» አለችኝ።
የራሴን ጽሕፈት እንደ እንግዳ አነበብኩ፦
«ጉዳዩ፦ የልማት ተነሺዎችን ይመለከታል።»

«ምን አለ?»
«ተነሺ ነሽ ይላል።»
ዝም አለች። ቀጥላ ሳቀች፣ አልጋው እስኪንቋቋ።
«ጠበል ያላስነሳኝን፣ ሐኪም ያላስነሳኝን ሴትዮ
ወረቀት ተነሺ አለኝ?
ዛሬ ቄሱ ስለ አንድ ተነሺ ሲያነቡ ነበር አሉ፤
ያ ሰውዬ ግን መጀመሪያ እግሩን አገኘ።
ማን ነው ያዘዘው?»
«ከበላይ አካል ነው።»
«የበላይ አካል? እኔም የሚሠራልኝ እሱ ብቻ ነው!»

ከሥር «ከሰላምታ ጋር» ይላል።
ደህና አደርሽ ሳይል የመጣ ወረቀት
ሲወጣ እጅ ነሳ።

በአራተኛው ቀን አራት ጎረምሶች ከነአልጋዋ አወጧት።
ግሬደሩ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሞ ጠበቀ።
ሰማዩን ለረጅም ጊዜ አየችው።
«ሰፊ ነው» አለች።
ሌላ አላለችም።

አሁን ጡረታ ላይ ነኝ።
ዛሬ ማታ፣ መብራቱ እስኪሄድ፣
ማንም ሳያዘኝ አንድ ወረቀት ጻፍኩ።
ለሚመለከተው ሁሉ ይላል፤
ቀና ብሎ ለሚመለከት ማለቴ ነው።
ጉዳዩ፦ እኔ ነበርኩ የጻፍኩት።
ቁጥር የለውም። ማኅተም የለውም።
ፊርማው ሙሉ ስሜ ነው፣ ዘርፌ ይመኑ።

ግልባጭ፦
ለኦቦ ረጋሳ፣ ብሎክ አርባ ሁለት፣ ዘበኛ ቤት፤
ለወይዘሮ እታለማሁ፣ አድራሻቸው ላልታወቀ፤
ለአያቴ።

አያቴ ማንበብ አይችልም፤
የሰማችሁ አሰሙልኝ።